የቀይ መስቀል ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ማን ይቅደም?

ክበባችን ዘንድሮ ከወትሮው ቁስል የማሸግና ስብራት የማሰር ልምምድ አልፎ በአንድ ጉዳይ ላይ አተኩሯል፤ ይኸውም ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ተጎድቶ ረዳቱ ጥቂት ሲሆን ማን ቅድሚያ ማግኘት እንዳለበት መወሰን ነው። ጉዳዩን የመረጡት አባላቱ ናቸው፤ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ፍሬን በጥሶ ስለገባ መኪና እየሰሙ ያደጉ ልጆች በመሆናቸው ምርጫቸው አላስገረመኝም።

ሥልጠናውን የሰጡን ከጤና ጣቢያ የመጡ ሲስተር ሲሆኑ፣ ያስተማሩትም በ1983 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የተቀመረውን ባለ አራት ቀለም የመለያ ዘዴ ነው። መራመድ ለሚችል ሁሉ አረንጓዴ ጨርቅ ይታሰርለታል። የመተንፈሻ መንገዱ ተከፍቶለትም የማይተነፍስ ጥቁር ይታሰርለታል፤ በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ የሚተነፍስ፣ ጥፍሩ ተጭኖ ሲለቀቅ ደም ለመመለስ ከ2 ሰከንድ በላይ የሚወስድበት፣ ወይም «እጄን ጨብጥ» ሲባል የማይታዘዝ ቀይ ሲሆን ከሁሉ ቀድሞ ይረዳል፤ ጥቂት ሊቆይ የሚችለው የቀረው ደግሞ ቢጫ ነው። ቁስለኞችን የሚለየው ሰው በየቁስለኛው ዘንድ ቆሞ እንዲያደርግ የሚፈቀድለት የመተንፈሻ መንገድ መክፈትና የሚፈስ ደም መግታት ብቻ ነው።

በኳስ ሜዳው ባደረግነው ልምምድ እግሩን ቀይ ቀለም የተቀባ አንድ ልጅ ጩኸቱን ሲያቀልጠው ሦስት ረዳቶች ተሯሩጠው ከበቡት፤ አጥሩን ተደግፋ ያለ ድምፅ ቶሎ ቶሎ የምትተነፍሰውን ልጅ ግን ዞር ብሎ ያያት አልነበረም። ሲስተር ልምምዱን አስቁመው፣ የሚጮህ ሰው ቢያንስ አየር እንደሚያገኝ፣ ዝም ያለው ግን ቀድሞ መታየት እንዳለበት አስረዱ።

የከረረው ክርክር የተነሣው በጥቁሩ ጨርቅ ነው። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ «ሲስተር፣ ደረቱን ሳንጫነው እንለፈው እያሉን ነው?» ስትል በቁጣ ጠየቀች። እርሳቸውም «አንድ ሰው ብቻ ከወደቀ አትለፊው፤ ደረቱን ተጫኚ፣ በ907 አምቡላንስ አስጠሪ። ሃያ ሰው ወድቆ ሦስት ሆናችሁ ስትደርሱ ግን፣ እዚያ ተንበርክከሽ ሳለ ደሙ ቢታሰር ይተርፍ የነበረው ሌላው ያልቅብሻል» አሏት። ልጅቷ መልሱን የተቀበለች አልመሰለኝም፤ እኔም እንድትቀበል አላስገደድኳትም፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለውን ውሳኔ ሳይከብደው የሚወስን ረዳት ያሠጋኛል። ይሁንና ጨርቁ የመጨረሻ ፍርድ አለመሆኑ፣ እጅ ሲገኝ ሁሉም እንደገና እንደሚታዩ፣ ጥቁር የታሰረለትም በክብር ተሸፍኖ ሰው እንደሚቆምለት ስትሰማ ጥቂት ረገብ ብላለች።

«ወንድሜ ቢሆንስ?» የሚለው ጥያቄም ሳይነሣ አልቀረም። የናፖሊዮን ሐኪም ዶሚኒክ ዣን ላሬ ቁስለኛውን በማዕረጉ ሳይሆን በጉዳቱ ክብደት ያስቀድም እንደነበር፣ በ1965 እ.ኤ.አ. በቪየና ከጸደቁት ሰባት የቀይ መስቀል መርሆዎች አንዱም አለማዳላት መሆኑን አንሥተን ተወያየን። በመጨረሻም ዘመዱን ከቁስለኞች መካከል ያየ አባል የመለየቱን ሥራ ወዲያውኑ ለጓደኛው እንዲያስረክብ ክበቡ ወስኗል፤ ወንድሙን አይቶ እጁ የማይንቀጠቀጥ የለምና። በቁስለኛ ላይ የስልክ ካሜራ መደገንም ለማንም እንዳይፈቀድ ተስማምተናል፤ ይህኛው ብዙ አላከራከረም።

የጽዳት ዘመቻውና የአባልነት መዋጮው እንደ አምናው ተከናውኗል። ለከርሞ፣ አደጋ ቦታ ቀድመው የሚደርሱት ብዙ ጊዜ ሹፌሮችና የመኪና ረዳቶች ስለሆኑ፣ አባላቱ መናኸሪያ ወርደው የቀለሙን አሠራር ሊያሳዩአቸው ዕቅድ ይዘዋል፤ ጨርቁን የልብስ ስፌት ባለሙያ የሆኑ አንድ ወላጅ ሊሰፉልን ቃል ገብተዋል።