ጥርስ በ5 ቀን?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ ቡና ስንጠጣ አንድ ወዳጄ ስልኩን አውጥቶ ማስታወቂያ አሳየኝ። ኢስታንቡል፣ 5 ቀን፣ ሆቴልና ታክሲን ጨምሮ ሙሉ ጥርስ! ዋጋው ያጓጓል። እኔ ግን «5 ቀን» የሚለው ላይ ቆምኩ።

ኢምፕላንት ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚገጠምበት፣ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከል ብሎን ነው። አጥንቱ አጥብቆ እስኪይዘው ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል። በሳምንት የሚገጠመው አብዛኛውን ጊዜ ጊዜያዊ ጥርስ ነው። ቋሚውን ለማስገጠም የሚደረገው የሁለተኛው ጉዞ ትኬትስ ፓኬጁ ውስጥ አለ ወይ?

የአጎቴ ልጅ በእንዲህ ያለ ጥድፊያ ሄዳ ጤነኛ ጥርሶቿን ሞርደው ክዳን አለበሷት። የተሞረደ ጥርስ ደግሞ ተመልሶ አያድግም። ዛሬ ቀዝቃዛ ውሃ ያስለቅሳታል። የላካት ደላላ ስልክ አያነሳም።

ቱርክ ውስጥ የውጭ ታካሚ የሚቀበል ክሊኒክ ከጤና ሚኒስቴሩ የጤና ቱሪዝም ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። መጀመሪያ እሱን መጠየቅ ነው። ራጅ ሳያይ፣ በፎቶ ብቻ «20 ክዳን ያስፈልግሃል» የሚለውን እኔ አላምነውም። የሐኪሙን ስምና የኢምፕላንቱን ሥሪት ከነመለያ ቁጥሩ በጽሑፍ ተቀበሉ። ብሎኑ ቢላላ የደሴው ሐኪም ሥሪቱን ካላወቀ በምን መፍቻ ሊያጠብቀው ነው?

ወዳጄ ለጊዜው እዚሁ ራጅ ሊነሳ ተስማምቷል። የቡናውን ሂሳብ ግን እኔ ነኝ የከፈልኩት።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ