ታይትሉን እንዳትፈርም

ማሙሽ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ፣ እሱም ክረምቱ ሲወጣ ይተወኝ ይሆናል።

እህትህ ትናንት ደውላ ነገረችኝ። አንተ ልትነግረኝ ፈርተህ ነው አይደል? ሸቬል መኪናችንን ኢንተርኔት ላይ ባወጣሃት በሦስተኛው ቀን አንድ ሰውዬ ሳያያት እገዛለሁ አለህ አሉ። ከጠየቅከው ላይ 4,000 ዶላር ጨምሮ ቼክ ሊልክ፣ አንተ ደግሞ ትርፉን ለሚጭናት ሰው ልታስተላልፍ። በምን ጽድቅህ ነው የማያውቅህ ሰው ትርፍ ብር የሚልክልህ?

ስማኝ አባቴ። ቼኩን ስታስገባ ባንኩ በማግስቱ ገንዘቡን ሂሳብህ ላይ ሊያሳይህ ይችላል። ያ ማለት ቼኩ ተጣራ ማለት አይደለም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐሰተኛ ነው ብለው ይመልሱታል፣ ያኔ ለጫኚው የላክኸው ብር ዕዳው ያንተ ነው። መኪናዋም ሄዳለች። የእውነት ገዢ ከሆነ ወደ እሱ ባንክ አብራችሁ ሂዱ፣ ቼኩ ፊትህ ይታተም። እስከዚያ ታይትሉን፣ የባለቤትነት ወረቀቷን፣ እንዳትፈርም። ቀብድ ሰጠኝ ብለህም እንዳትፈርም።

ሽጣት ያልኩህ እኔው ነኝ፣ ቃሌን አላጠፍኩም። ግን በርካሽ አትልቀቃት። ያ ጓደኛህ «አሮጌ ሸቬል ሞልቷል» ያለህ ስለማያውቅ ነው። በፈረንጅ ከ1969 ወዲህ ያለውን ኤስኤስ 396፣ ባለ ትልቅ ሞተሩን ሸቬል፣ ከሻንሲ ቁጥሩ ብቻ መለየት አይቻልም፤ ማሊቡ የሚባለው ተራ ሸቬል ላይ የኤስኤስ ምልክት ለጥፎ የሚሸጥ የትየለሌ ነው። የእኛዋ የ1968 ናት። በፊት መስታወቱ በኩል ክሩስኮቷ ላይ ያለውን ቁጥር አንብብ፣ በ138 ይጀምራል። 136 ቢል ኖሮ ማሊቡ ነበረች። ቀጥሎ ያለው 8 ዓመቱ ነው፣ ቢ ደግሞ ባልቲሞር። እዚያው ከደጃችን የተሠራች ናት፤ ፋብሪካው በ2005 ተዘጋ እንጂ። ሞተሯ ላይ የተቀረጸው ቁጥርም ከዚሁ ጋር ይገጥማል። ለሚመጣው ሰው ባትሪ አብራና አሳየው። የነዳጅ ታንኩ ሲወርድ ከላዩ ተጣብቆ ያገኘነው የፋብሪካ ወረቀት በብስኩቱ ቆርቆሮ ውስጥ ነው፣ እናትህ ታውቀዋለች። ጫፉን አይጥ በልቶታል። ፎቶውን አሳይ እንጂ ወረቀቱን ለማንም አትስጥ።

ታንኩ የወረደው በ1998 ነው። ይህን ነግሬህ አላውቅም።

የገዛኋት ፓርኪንግ ስሠራ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ሳቆም ሳወጣ፣ አንድ የኔ የምላት አማረችኝ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሞተሯ ማጨስ ጀመረ። በዚያው ሰሞን አያትህ ታመመች፣ ና ብለው ደወሉልኝ። ባንክ የነበረኝ 3,900 ዶላር ነው። 3,600ውን ለሞተሩ ከፈልኩ። ለጠየቀኝ ሁሉ «ባድመ ጦርነት ነው፣ ትንሽ ይረጋጋ» እያልኩ። አውሮፕላኑ ይበር ነበር ማሙሽ። ጎረቤቶቻችን ሄደው ይመለሱ ነበር። እሷን በስልክ ለገና እመጣለሁ አልኳት፣ «እሺ፣ ሥራህን እንዳትበድል» አለችኝ። ኅዳር ላይ አረፈች። መርዶ ነጋሪዎቹ ጎህ ሳይቀድ መጡ። በሩን ስከፍት ስምንት ሰው ቆሟል፣ ከኋላቸው መኪናዋ ቆማለች፣ ኮፈኗ ላይ አመዳይ ጥሏል። ገና ምንም ሳይሉኝ መኪናዋን ሳይ ገባኝ።

አንተ ሦስት ዓመትህ ነበር። ከዚያ በኋላ ለፋሲካ ሌሊት ካልሆነ ብዙም አልነዳኋት። እናንተ አባባ ሲሳሳላት ነው ትሉ ነበር። ይሁን።

ምን ልልህ ነበር? አዎ፣ ነዳጁ። አራት ዓመት የቆመ ነዳጅ ነው፣ እንዳታስነሳት። መጀመሪያ አስቀዳው፣ ባትሪ ቀይር። ከዚያ አንዴ ነዳጅ ረግጠህ ልቀቅ፣ ከዚያ ቁልፉን አዙር። እንደ ካምሪህ አይደለችም፣ ደጋግመህ ከረገጥካት ትታፈናለች። ልሞክራት የሚል ካለ መንጃ ፈቃዱን ያዝና አጠገቡ ተቀመጥ። ፍሬኗ አራቱም የድሮው ነው፣ ዲስክ የላትም፣ ቶሎ አትቆምም። ወጣት ከሆነ አንተው ንዳለት።

ከኋላ የዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ጋቢ አለ። ያያትህ ፈትል ነው። የሚመጣ ሰው ካገኘህ ላክልኝ፣ ከመኪናዋ ጋር እንዳይሄድ።

ተቆጣሁህ መሰለኝ። የልጅነትህ ነገር ነው፣ ሰው ታምናለህ፤ እኔም በዚያ ነው የምወድህ። ታይትሉን ግን ለእናትህ ስጣት፣ ካንተ ጋር አይደር። ሰውዬው መጣሁ ካለህም አስቀድመህ ደውል። እዚህ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቢሆንም አነሳለሁ፣ እንቅልፍ መቼ አለኝ።

አባትህ