ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖችን ነድታችሁ ስታወዳድሩ

ውድ አባላት፣

የምታወዳድሯቸውን መኪኖች በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ፣ የጎማቸውን ነፋስ አስተካክላችሁ ንዱ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀሪ ኪሎ ሜትር አያታልላችሁ፤ ከእናንተ በፊት በነዳው ሰው አነዳድ ላይ ተመሥርቶ የተሰላ ግምት ነው። ይልቅ የጉዞ መቁጠሪያውን ዜሮ አድርጋችሁ በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደፈጀ እዩ። 14 ከፈጀ፣ 40 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ 285 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬዳል። ማሞቂያውን ከፍታችሁም ድገሙት፤ በብርድ ልዩነቱ የሚወጣው እዚያ ላይ ነው።

ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ ፍጥነት ሲቀንስ የሚመለሰውን ኃይል የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው ፍሬኑ ሌላ ጠባይ ያሳያል፤ ከ80 በመቶ በታች ሆኖ ሞክሩት።

ቤት ውስጥ ቻርጅ የምታደርጉ ከሆነ የመኪናውን የውስጥ ቻርጀር (ከሶኬት የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ለባትሪው የሚቀይረው መሣሪያ) አቅም ጠይቁ። የ40 ኪሎዋት ሰዓቱን ባትሪ ከ20 ወደ 80 በመቶ ለመሙላት 24 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል፦ በ7 ኪሎዋት 4 ሰዓት ገደማ፣ በተራ ሶኬት ግን ሌሊቱን ሙሉ።