ዶሮው ይታጠብ፣ ግን በሳፋ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጥሬ ሥጋ ከመሠራቱ በፊት መታጠብ እንደሌለበት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ምክሩ ትክክለኛ መነሻ አለው። ለእኛ ጓዳ ግን እንዳለ አይሆንም።

በጥሬ ዶሮ ላይ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የተባሉ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ሎሚና ጨው ጠረኑን ይቀንሳሉ እንጂ እነሱን አያጠፉም። የሚገድላቸው እሳት ነው፤ የሥጋው ውስጥ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ። ከቧንቧ ሥር ሲታጠብ ደግሞ ፍንጣቂው ዙሪያውን ያዳርሳል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ዶሮ ካጠቡት ሰዎች በ60 በመቶው ሲንክ ውስጥ ባክቴሪያ ተገኝቷል። ሲንኩን ካጸዱ በኋላም በ14 በመቶው አልጠፋም። 26 በመቶው ወደ ሰላጣቸው አሻግረውታል።

ይሁን እንጂ ያ ምክር የታሰበው ጸድቶና ታሽጎ ለሚሸጥ ዶሮ ነው። እኛ ቤት የሚታረደው ዶሮ በፈላ ውሃ ይነጫል፣ የቀረው ላባ በእሳት ይለበለባል፣ ከዚያ 12 ብልት ይወጣለታል። ደሙ፣ ጥላሸቱና የላባው ሥር አብረውት ይቀራሉ። ይህን ሳያጥቡ ድስት ውስጥ ክተቱ ማለት አያስኬድም። እናቶቻችንም አይሰሙንም፣ ልክም ናቸው።

ስለዚህ አስተጣጠቡን እናስተካክል። ሰላጣው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይነሳ። ዶሮው በጎድጓዳ ሳፋ ውስጥ በቀስታ ይታጠብ፤ ቧንቧ አይከፈትበት። እጣቢው ሳይረጭ ይደፋ። ሳፋው፣ ሲንኩና ቢላዋው በሳሙና ታጥበው በበረኪና ይጽዱ፣ እጅም በሳሙና ይታጠብ። በበዓል ሰሞን ስለ ዶሮ ወጥ አሠራር ስትጽፉ ይህንን አብራችሁ ብታወጡት እጠይቃለሁ።