ከእሳቱ ይልቅ ውሃውን ፍሪ

ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ «ቤቱን እንዳታቃጥለው» እያለች ነው። እኔ ግን በቴሌግራም የላክሽውን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። በርሜሏን በሸክላ ለስነሽ፣ በጸጉር ማድረቂያ እየነፋሽ አልሙኒየም ማቅለጥሽ ደስ ብሎኛል። (ማድረቂያዋ ግን የማን ናት?)

«የድስቱን እጀታ ስቆርጠው ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው» ብለሻል። ያ የእርጥበት ሥራ ነው። የቀለጠ አልሙኒየም ከእርጥበት ሃይድሮጅን ይስባል። ሲጠጥር ግን ሊይዘው ስለማይችል አረፋው እዚያው ይቀራል። ከልክ በላይ ሲግል ደግሞ ይብስበታል። በ660 ዲግሪ ይቀልጥ የለ? 700 አለፍ ሲል፣ 750 ሳይደርስ አፍስሺው። እስኪንቦገቦግ መጠበቅ ለቪዲዮ ያምራል እንጂ ለእጀታ አይሆንም።

የለስላሳ ጣሳውንም ተዪው። ስስ ስለሆነ ብዙው ቆሻሻ ሆኖ ከላይ ይንሳፈፋል። ቁራሌው ጋ ሂጂና የድሮ ፒስተን ግዢ። ፒስተን ሲሊከን አለበት፤ ቀጥ ብሎ ይፈሳል፣ የፎርማውን (የሚፈስበትን የአሸዋ ቅርጽ) ጥግ ሁሉ ይሞላል።

አሁን ወደ አሸዋው። ሙያው ያለው እዚህ ነው፣ ምድጃውማ ማንም ያነደዋል። ከ100 እጅ 8 ወይም 10 እጅ ቤንቶናይት (አሸዋውን የሚያያይዝ ሸክላ አፈር)፣ ውሃ 3 ወይም 4 እጅ፣ ከዚያ በደንብ እሺው። ጨብጠሽ እይው። እንደ በሶ መያዝ አለበት። ለሁለት ስትሰብሪው ጠርዙ ሳይፈርስ ይቆረጣል፣ መዳፍሽንም አያረጥብም። መዳፍሽ ከረጠበ ውሃው በዝቷል፤ ደረቅ አሸዋ ጨምሪበት። ከጠቀጠቅሽው በኋላ በቀጭን ሽቦ ወጋ ወጋ አድርጊው፣ ውስጥ የቀበርሽውን ሞዴል (የእጀታውን አምሳያ) ግን አትንኪ። እንፋሎቱ መውጫ ይፈልጋል። ሞዴልሽንም ትንሽ አሳድጊው፤ አልሙኒየም ሲቀዘቅዝ በ100 ሚሊሜትር 1.3 ሚሊሜትር ያህል ይኮማተራል።

ስለ ሴባስቶፖል ሲወራ ሁሉም የሚያወራው ወደ መቅደላ ስለመጎተቱ ነው። እኔን የሚገርመኝ ጋፋት ላይ፣ በ1867 እ.ኤ.አ.፣ ለ70 ኩንታል ገደማ መድፍ ፎርማ ሠርተው ያደረቁት ሰዎች ናቸው። ስለ እነሱ ማን ያወራል?

ይሄን ደግሞ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ውሃ የቀለጠ ብረት ሥር ከገባ ወዲያው እንፋሎት ይሆናል፤ ከ1,600 እጥፍ በላይ ቦታም ይፈልጋል። መውጫ ካጣ ብረቱን ይዞ ወደ ፊትሽ ይመጣል። ስለዚህ ፒስተኑን ከመጨመርሽ በፊት ምድጃው ክዳን ላይ አሙቂው። ጭልፋውንም፣ መቆንጠጫውንም። ሲሚንቶ ወለል ውስጡ ውሃ ስላለው ጠብ ሲልበት ይፈነጠራል፤ ደረቅ አሸዋ አንጥፊበት። የቆዳ ጫማ፣ ሱሪው ከጫማው ውጪ፣ የፊት መከላከያ። ናይሎን የሚባል ልብስ አይኑር። ሰማዩ ከጠቆረ ሥራው ይቅር። ከሰል በተዘጋ ቤት አይነድም የሚለውን ለሐበሻ መንገር አያስፈልግም።

የቧንቧ ነሐስ ላቅልጥ ያልሽውን ለጊዜው አልደግፍም። ውስጡ ያለው ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ ነጩ ጭስ ማታ በትኩሳት ያንቀጠቅጥሻል። «ወተት ጠጪበት» የሚለውን የብየዳ ቤት ወሬ አትስሚ።

ቤንቶናይቱን በመናኸሪያ እልክልሻለሁ። ቀጣዩን ስትሠሪ ቪዲዮ ላኪልኝ፤ ስታፈስሺ ሳይሆን አሸዋውን ስትጨብጪ።

አባትሽ