ስለዚያች ማንኪያ ውሃ

እማዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? የግፊት ኪኒንሽን ትውጫለሽ ወይስ «ዛሬስ ደህና ነኝ» እያልሽ ትዘያለሽ? ወጥሽ ላይ ጨው ቀንሺ። ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቋ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ትንሹ በቁመት በልጦኛል፤ አማርኛው ግን ያው ነው፣ «አያት ደህና ነሽ» ብሎ ያበቃል።

የምቀባጥረው ሌላ ነገር ልነግርሽ ፈልጌ ነው።

ባለፈው ሳምንት ክሊኒክ ሳስተረጉም አንዲት ልጅ እግር እናት መጣች። የስምንት ወር ልጇን ተቅማጥ ይዞታል። «እናቴ በስልክ፣ ጡቱን አቁሚ፣ ሆዱ ይረፍ አለችኝ» አለች። ዶክተሯ ደነገጠች። ጡት እንዳታቋርጪ፣ ኦ.አር.ኤሱን፣ ያን የስኳርና የጨው ብጥብጥ፣ በማንኪያ ቶሎ ቶሎ ስጪው አለች። እኔ «በማንኪያ» ስል ድምፄ ጠፋ።

ወንድሜ ማሙሽ፣ 1975 ዓ.ም.፣ እሱንም ተቅማጥ ይዞት። ድሬሰሩ «ሆዱ ይረፍ፣ እስከ ነገ ምንም እንዳይቀምስ» ሲልሽ በሩ ላይ ነበርኩ። ሌሊት ከንፈሩ ደርቆ ሲያቃስት፣ አንቺን እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርግሽ፣ በሻይ ማንኪያ ውሃ ሰጠሁት። ነቃሽ። በጥፊ አልሽኝ። «ልትገይው ነው?» አልሽ።

በማግስቱ ሞተ።

እኔ የገደልኩት መስሎኝ አደግኩ፣ እማዬ። አንድ ቀን እንኳ «አንቺ አይደለሽም» አላልሽኝም።

ድሬሰሩም ከራሱ አላመጣውም። ሐኪሞች ለረጅም ዘመን ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ያስጾሙ ነበር። ስኳርና ጨው የገባበት ውሃ የኮሌራ ሕመምተኞችን እንደሚያተርፍ ግን በ1960 ዓ.ም. በዛሬዋ ባንግላዴሽ፣ ዳካ ላይ ታይቷል፤ ማሙሽ ከመሞቱ 15 ዓመት በፊት። አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ሁሉም ጓዳችን ነበር። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

የሐኪም ቤት ቃል ስለሰማሽ አልወቅስሽም። በጥፊው ግን... አዎ፣ እወቅስሻለሁ። ከዚያ በኋላ በነበረው ዝምታ ደግሞ ይብሳል።

ጋሼ ሰሞኑን ሌሊት ሌሊት ማሙሽን እንደምትጠሪ ነገረኝ። አንቺም ስትሸከሚው ኖረሽ ይሆን? ለገና እመጣለሁ፤ እስከ ገና መቆየቱ ግን አስፈራኝ።

ቅዳሜ ማታ እደውላለሁ። ጋሼን ውጭ ላኪውና ስልኩን ራስሽ አንሺው። መነጽርሽ ደግሞ ከጠፋ ንገሪኝ፣ ሰው ሲመጣ ሌላ እልካለሁ።

ልጅሽ