የታሪክና ስፖርት ክበብ፦ ከአሰልጣኝ ሮቢንሰን ጋር የከረምንበት ዓመት

ዘንድሮ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ የከረመው በአንድ ሰው ላይ ነው። ኤዲ ሮቢንሰን ይባላሉ። በሰሜን ሉዊዚያና፣ ግራምብሊንግ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ጥቁሮች በሚማሩበት ኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል ዋና አሰልጣኝ ነበሩ። ሥራውን የያዙት በ1941 ነው። የለቀቁት በ1997። በእነዚህ ዓመታት 408 ጊዜ አሸነፉ፣ 165 ጊዜ ተሸነፉ፣ 15 ጊዜ አቻ ወጡ። ይህ ሁሉ የሆነው በዚያው በአንድ ኮሌጅ ነው። (ዓመታቱን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በእኛ ሲሆን እናገራለሁ።)

ምርጫው ከልጆቹ የመጣ ነው። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ አርብ ማታ ለመደበኛ ትምህርት ቤታቸው ፉትቦል ይጫወታሉ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ እንቅልፋቸውን ሳይጠግቡ፣ አንዳንዴም እያነከሱ፣ አማርኛ ሊማሩ እኛ ዘንድ ይመጣሉ። እነሱ ፉትቦል ፈለጉ። እኔ ታሪክ ፈለግሁ። ሮቢንሰን ላይ ስንደርስ ተስማማን። ሴቶቹ መጀመሪያ ብዙም ደስ አላላቸውም ነበር። በኋላ ግን ከማንም በላይ የሠሩት እነሱ ናቸው።

የመጀመሪያው ሥራችን ግድግዳው ላይ ነበር። ረጅም ወረቀት ቀጣጥለን በኮሪደሩ ዳር እስከ ዳር ለጠፍን። ለእያንዳንዱ የውድድር ዘመን አንድ ሳጥን ሰጠን። ድሉ ከሽንፈቱ የበለጠበት ዓመት አረንጓዴ፣ ያልበለጠበት ቀይ። በ1943 እና በ1944 ኮሌጁ በዓለም ጦርነቱ ምክንያት ቡድን አልነበረውም። ስለዚህ ሳጥኖቹ 55 ሆኑ። ከእነሱ 45ቱ አረንጓዴ ናቸው።

የመጀመሪያው ሳጥን ግን ቀይ ነው። በ1941 ቡድኑ 3 አሸንፎ 5 ተሸነፈ። ልጆቹ እዚህ ላይ ብዙ ቆዩ፣ እኔም አላጣደፍኳቸውም። ምክንያቱም የሰውየው አጀማመር ከድላቸው ሁሉ የበለጠ የሚያስተምር ይመስለኛል። አባታቸው በሰው መሬት ላይ ጥጥ የሚያመርቱ እኩል አራሽ ነበሩ። እናታቸው ሰው ቤት ይሠሩ ነበር። ልጅየው ኮሌጅ ጨርሶ የአሰልጣኝነት ሥራ አጣ። ባተን ሩዥ ከተማ የከብት መኖ ፋብሪካ ውስጥ በሰዓት 25 ሳንቲም እየተከፈለው ሠራ። ከዚያ ነው የግራምብሊንግ ጥሪ የመጣው። ዕድሜው 22፣ ደመወዙ በወር 63 ዶላር ከ75 ሳንቲም።

ለዚያ ደመወዝ ምን ምን እንደሠሩ ልጆቹ ዘርዝረው ሲጽፉ ወረቀት አልበቃቸውም። ደመወዝተኛ ረዳት አልነበራቸውም። የሜዳውን ሣር ያጭዳሉ። መስመሩን ራሳቸው ያሰምራሉ። የተጫዋች ቁርጭምጭሚት በፋሻ ይጠቀልላሉ። ጨዋታው ሲያልቅ ዘገባውን ጽፈው ለጋዜጣ ይልካሉ። ቅርጫት ኳስም ያሠለጥኑ ነበር። በሁለተኛው ዓመት፣ በ1942፣ ቡድኑ 9 ተጫውቶ 9 አሸነፈ። አንድም ነጥብ አልተቆጠረበትም። ከቀይ ወደዚያ አረንጓዴ የአንድ ሳጥን ርቀት ብቻ ነው።

ሴቶቹ ልጆች የያዙት ክፍል የጉዞው ነበር። ያኔ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁርና ነጭ አንድ ምግብ ቤት አይበላም። ቡድኑ ለጨዋታ በአውቶቡስ ሲሄድ ተጫዋቾቹን የሚያስተናግድ ቤት በመንገድ ላይ አይገኝም። ስለዚህ ሮቢንሰን ሳንድዊች እያዘጋጁ ስንቅ ይይዙላቸው ነበር። ልጆቹ ይህን ሲያነቡ ወደ ቤት ሄደው እናቶቻቸውን ስለ ስንቅ ጠየቁ። ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ድርቆሽ እያሉ መልሱን ጽፈው መጡ። እናቶቹ ስንቅ የሚይዙት መንገዱ ሩቅ ስለነበር ነው። የግራምብሊንግ ልጆች ስንቅ የያዙት ምግብ ቤቱ በር ላይ ስለሚመለሱ ነው። ልዩነቱን ያስተዋለችው አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። በራሷ አማርኛ ጽፋዋለች፤ ጽሑፏ በዚህ መጽሔት ሌላ ገጽ ላይ አለ። እባካችሁ አንብቡት።

በጦርነቱ ዓመታት ሮቢንሰን የግራምብሊንግን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድን ያዙ። ከዚያ ጊዜ የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ። አንድ ገበሬ ጥጡ ሳይለቀም እንዳይቀር ልጆቹን ከቡድኑ አስቀረ። ሮቢንሰን አልተከራከሩም። ቡድኑን በሙሉ ይዘው እርሻው ገቡና ጥጡን ለቀሙ። ልጆቹም ወደ ጨዋታው ተመለሱ። ይህን ታሪክ ለታናናሾቹ ክፍሎች ደጋግመን ተርከናል።

ኮሌጅም ሆነው እንዲሁ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ቃጭል እያንቃጨሉ በተማሪዎቹ ማደሪያ ይዞራሉ። ክፍል የሚቀር እንዳይኖር ነው። ከረባት እንዲያስሩ፣ ማዕድ ላይ እንዴት እንደሚቀመጡ፣ ለጋዜጠኛ እንዴት እንደሚመልሱ ያስተምሯቸው ነበር። የእኛ አባሎች ቃጭሉን ወደዱት። ቤት ውስጥ ግን ማንም እንዳይገዛ ተማጽነዋል።

ስለ ውጤቱ ባጭሩ ልበል። በ1949 ታንክ ያንገር የሚባለው የግራምብሊንግ ተጫዋች ለሎስ አንጀለስ ራምስ ፈረመ። ከጥቁሮች ኮሌጅ ወጥቶ በዋናው ሊግ የተጫወተ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ከእሱ በኋላ ከ200 በላይ የሮቢንሰን ተጫዋቾች ፕሮፌሽናል ሆነዋል። ዊሊ ዴቪስ፣ ባክ ቡካነን፣ ዊሊ ብራውን እና ቻርሊ ጆይነር የፕሮፌሽናል ፉትቦል የዝና አዳራሽ ገብተዋል። አራቱም ከዚያች ትንሽ ከተማ ኮሌጅ ነው የወጡት።

ወደ ግድግዳው ልመለስ። ከሳጥኖቹ በታች ሌላ መስመር አስምረን ነበር። እዚያ ላይ ልጆቹ ከወላጆቻቸው እየጠየቁ በኢትዮጵያ የሆነውን ይጽፋሉ። ከ1941 በታች የጃንሆይ ወደ አዲስ አበባ መመለስ ገባ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933። ሮቢንሰን ሥራ የጀመሩበት ዓመት ማለት ነው። ጃንሆይ ወርደው፣ ደርግ መጥቶ ሄዶ፣ ኢሕአዴግ ገብቶም ሰውየው እዚያው ሜዳ ላይ ናቸው። ይህ ነገር ለወላጆች ከቁጥሩ ሁሉ የበለጠ ዘመኑን ያሳየ ይመስለኛል። ቅዳሜ ልጆቻቸውን ሊወስዱ የሚመጡ አባቶች መኪናቸውን አቁመው ኮሪደሩ ላይ ይቆሙ ጀመር።

1974 ላይ ግን ሥራው ከባድ ሆነ። ለግራምብሊንግ የደስታ ዓመት ነበር። ኮሌጁ ግራምብሊንግ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተባለው በዚያ ዓመት ነው። ከሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚያደርጉት ታላቁ ጨዋታ፣ ባዩ ክላሲክ፣ በዚያ ስሙ መጀመሪያ በኒው ኦርሊንስ የተካሄደው ቅዳሜ ኖቬምበር 23 ነበር። ግራምብሊንግ 21 ለ 0 አሸነፈ። አንድ ተማሪ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ቀየረው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሆነ። ስድሳዎቹ ባለሥልጣናት የተረሸኑበት ቅዳሜ ነው። ልጁ ይህን አያውቅም ነበር። ያወቀው አያቱን ሲጠይቅ ነው። ሁለቱም በየመስመራቸው፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ ተጽፈዋል። ማስተያየት እንድንጨምርበት የጠየቁ ነበሩ። እኔ አልፈለግሁም። አያቶቹ ለልጆቻቸው እንዲነግሩ ቦታ መተው ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛውን መንፈቅ የወሰደው የኳርተርባኮቹ ነገር ነው። ኳርተርባክ የቡድኑን ጥቃት የሚመራው፣ ኳሱን የሚወረውረው ሰው ነው። ለረጅም ጊዜ የፕሮፌሽናል ቡድኖች ይህን ቦታ ለጥቁር ተጫዋች አይሰጡም ነበር። በኮሌጅ ኳርተርባክ የነበረውን ልጅ ወስደው ሌላ ቦታ ያጫውቱታል። ሮቢንሰን ይህን በር ለመክፈት ቆርጠው ተነሱ። ጀምስ ሃሪስን ለዚያ ብለው አዘጋጁት። በ1969 ቡፋሎ ቢልስ ወሰደው፣ በዚያው ዓመትም የዘመኑን የመጀመሪያ ጨዋታ በኳርተርባክነት ጀመረ። ከእሱ በፊት ይህን ያገኘ ጥቁር ተጫዋች አልነበረም።

ከዚያ ዳግ ዊሊያምስ መጣ። እሱ ለእኛ፣ ለዋሽንግተን አካባቢ ሰዎች፣ እንግዳ አይደለም። ጃንዋሪ 31 ቀን 1988 የዋሽንግተንን ቡድን ለሱፐር ቦውል (ለፕሮፌሽናል ፉትቦል የዓመቱ ዋንጫ ጨዋታ) ድል ያበቃው እሱ ነው። ተጋጣሚው ዴንቨር 10 ለ 0 ሲመራ ዊሊያምስ ጉልበቱ ተጎድቶ ለጥቂት ወጣ። ተመልሶ ገባ። በሁለተኛው ሩብ ብቻ ዋሽንግተን 35 ነጥብ አስቆጠረ። ከአምስቱ ታችዳውን (የፉትቦል ትልቁ ግብ) አራቱ የእሱ ውርወራዎች ናቸው። ጨዋታው 42 ለ 10 አለቀ። ሱፐር ቦውልን በኳርተርባክነት ጀምሮ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ፣ የጨዋታው ኮከብም ተባለ። ሮቢንሰን ስታዲየም ውስጥ ሆነው አይተዋል።

ጨዋታውን ቁጭ ብለን በቪዲዮ አየነው። የአንድ ተማሪያችን አባትም እንግዳ ሆነው መጡ። ያኔ አዲስ መጥተው ታክሲ ይነዱ ነበር። የጨዋታውን ሕግ አያውቁም። ከተማው ግን ሌሊቱን ሙሉ በጥሩምባ ሲናወጥ ያደረ መሆኑን ነገሩን። ተሳፋሪው ሁሉ ስለ ዊሊያምስ ብቻ ያወራ ነበር። "ስሙን ያወቅሁት ከሕጉ በፊት ነው" አሉ። ልጃቸው ይህን ታሪክ ከአባቱ ሰምቶ አያውቅም ነበር። ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ቀን ያ ነው።

በ1985 ዳላስ ላይ ሮቢንሰን ፕሬሪ ቪውን 27 ለ 7 አሸንፈው 324ኛ ድላቸውን አገኙ። ያኔ በኮሌጅ ፉትቦል ከሁሉም የሚበልጠውን፣ የአላባማ ዩኒቨርሲቲውን አሰልጣኝ የቤር ብራያንትን 323 ድል፣ አለፉ። ይህን ሁሉም ስለሚያወራው ብዙ አልቆየንበትም።

የቆየነው መጨረሻዎቹ ሦስት ሳጥኖች ላይ ነው። ሦስቱም ቀይ ናቸው። በ1995፣ 5 ድልና 6 ሽንፈት። በ1996፣ 3 እና 8። በ1997 እንደገና 3 እና 8። በ1996 መጨረሻ እንዲለቁ ግፊት ነበር። ሕዝቡ ተቆጣ፣ አንድ ዓመት ተጨመረላቸው። እኛም በዚህ ላይ ክርክር አዘጋጀን፦ "አሰልጣኝ ሮቢንሰን በ1994 መልቀቅ ነበረባቸው።"

ክርክሩ ጦፈ። ደጋፊዎቹ፣ የሚወዱትን ሥራ ለተተኪ በጊዜ ማስረከብ ክብር ነው አሉ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የነበሩት ተጫዋቾችም እንደ ድሮዎቹ የተሟላ ቡድን ይገባቸው ነበር አሉ። ተቃዋሚዎቹ ሒሳብ ይዘው መጡ። በ1994 ለቀው ቢሆን 397 ላይ ይቆሙ ነበር። 400ኛው ድል የተገኘው ቀይ ሳጥን ውስጥ ነው። አዳራሹ አጨበጨበ።

ከዚያ አንዲት ልጅ ተነስታ ለምን እንደተሸነፉ የጠየቀ አለ ወይ አለች። ከዚህ በኋላ ነው ክርክሩ የጠለቀው። ሮቢንሰን ሲጀምሩ አንድ ጎበዝ የሉዊዚያና ጥቁር ልጅ በግዛቱ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ መጫወት አይችልም። ወደ ግራምብሊንግ ይመጣል። አላባማ ለመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች፣ ለዊልበር ጃክሰን፣ የትምህርት ዕድል የሰጠው በ1970 ነው። ሌሎቹም የደቡብ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች በእነዚያ ዓመታት በራቸውን ከፈቱ። ትልቅ ስታዲየም፣ ቴሌቪዥንና ገንዘብ አላቸው። ጎበዞቹ ልጆች ወደዚያ ሄዱ። ለጥቁር ልጆች በሩ እንዲከፈት ዕድሜያቸውን የሰጡት ሰው፣ በሩ ሲከፈት ተጫዋቾቻቸውን አጡ።

ዳኞቹ ድሉን ለደጋፊዎቹ ሰጡ። ንግግራቸው የተሻለ ስለነበር አልቃወምም። እኔ ግን ተቃዋሚዎቹ ጎን ነኝ። እነዚያን ቀይ ሳጥኖች እንደ ውድቀት ልቆጥራቸው አልችልም። የመጨረሻው ጨዋታቸው በዚያው በባዩ ክላሲክ ነበር፣ 30 ለ 7 ተሸነፉ። በቀጣዩ ዓመት ቡድኑን የተረከበው ዳግ ዊሊያምስ ነው። ሮቢንሰን በ2007፣ በ88 ዓመታቸው አረፉ። አስከሬናቸው በሉዊዚያና ግዛት ምክር ቤት ሕንፃ ውስጥ ሕዝብ ተሰናብቶታል። ድሮ ምግብ ቤቱ ያላስገባቸው ግዛት ነው።

በዓመቱ መዝጊያ ልጆቹ ሥራቸውን ለወላጆች በአማርኛ አቀረቡ። ብዙዎቹ ወረቀት ሳያዩ ተናገሩ። በመስከረም አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ይቸገሩ የነበሩ ልጆች ስለ 1942 ሲያወሩ እጃቸው፣ ዓይናቸው፣ አንደበታቸው አብሮ ይሠራ ነበር። የመጨረሻው ጥያቄ የመጣው ከአንዲት እናት ነው። "እኛስ እንዲህ ያለ አሰልጣኝ የለንም?" አሉ። ልጆቹ ወደ እኔ ዞሩ።

አለን። የሚቀጥለው ዓመት ሥራችን የበቆጂው አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ይሆናሉ። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ እና ጥሩነሽ ዲባባ ሩጫ የጀመሩት በእሳቸው እጅ ነው። ከአርሲ፣ በተለይ ከበቆጂና ከአካባቢው የመጣችሁ ወላጆች ካላችሁ ክበቡ ይፈልጋችኋል። ፎቶ ያለው ፎቶ፣ ትዝታ ያለው ትዝታ ይዞ ይምጣ። ኦሮምኛ የሚችሉ ወላጆች ደግሞ ቃለ መጠይቆችን ቢያግዙን ደስ ይለናል። ምዝገባው መስከረም የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ይጀመራል። ወረቀቱ ተነስቶ አዲስ እስኪለጠፍ ድረስ የሮቢንሰን ሳጥኖች ኮሪደሩ ላይ ስለሚቆዩ፣ ያላያችሁ ክረምቱን መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ።